ሐዘን የሁሉም በሆነበት አገር ሕመምተኛውን መለየት

በአንድ አካባቢ የሚኖሩ ሰዎች ሁሉ ተመሳሳይ መከራ ሲደርስባቸው፣ ከመካከላቸው የአእምሮ ሕመም የያዘውን ሰው መለየት ሰላም ባለበት አገር ከመለየት ይልቅ ይከብዳል። እንቅልፍ ማጣት፣ መደንገጥ፣ ዝምታና ተስፋ መቁረጥ የብዙኃኑ ጠባይ ሲሆኑ የአንዱ ሰው እንቅልፍ ማጣት የተለየ ነገር ሆኖ አይታይም፤ «ማን ያልተጎዳ አለ?» የሚለው አነጋገርም፣ ለማጽናናት የሚባል ቢሆንም፣ ሕመምተኛው እርዳታ መጠየቅን እንደ ነውር እንዲቆጥረው ያደርጋል። በሰሜን ወሎ የሚገኘው የቆቦ ከተማና በዙሪያው የተዘረጋው የራያ ቆላ ይህ ችግር ጎልቶ ከሚታይባቸው የኢትዮጵያ አካባቢዎች አንዱ ስለሆነ፣ በዚህ ምዕራፍ የአእምሮ ሕመም ምልክቶችና የታመመውን ሰው የመደገፊያ መንገዶች ከዚሁ አካባቢ ኑሮ ጋር ተያይዘው ይቀርባሉ።

የራያ ቆላ በስተ ምሥራቅ በዞብል ተራሮች፣ በስተ ምዕራብ በወሎ ደጋ የታጠረ፣ ማሽላና ጤፍ የሚበቅልበት ለም ሜዳ ነው፤ ዝናቡ ሲያጥር ግን ለምነቱ ብቻውን አያድነውም። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ወሎን የመታው ረኀብ ክፉኛ ከጎዳቸው አካባቢዎች የያኔው የራያና ቆቦ አውራጃ አንዱ ነበር፤ በ1977 ዓ.ም. ደግሞ ከሜዳው በላይ ባለችው በኮረም የተሰበሰቡት ረኀብተኞች ምስል ዓለምን አስደነገጠ። በ2013 ዓ.ም. መግቢያ የበረሃ አንበጣ ለአጨዳ የደረሰውን ማሽላ በላ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር በትግራይ የተነሣው ጦርነት ቆቦ ደረሰ። ጳጉሜን 4 ቀን 2013 ዓ.ም. የትግራይ ኃይሎች በከተማዋ በአራት የተለያዩ ቦታዎችና ጊዜያት 23 ሰዎችን ያለ ፍርድ እንደገደሉ ሂዩማን ራይትስ ዎች የዓይን ምስክሮችን አነጋግሮ አስታውቋል፤ አምነስቲ ኢንተርናሽናልም በየካቲት 2014 ዓ.ም. ባወጣው ዘገባ በዚያ የተፈጸመውን ግድያ፣ የሴቶች መደፈርና ዝርፊያ መዝግቧል። ከተማዋ በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ከተለቀቀች በኋላ በዚያው ዓመት ነሐሴ 18 ቀን ውጊያው በዚያው አካባቢ እንደገና ተቀሰቀሰ፤ ያን ጦርነት ያስቆመው የፕሪቶሪያ ስምምነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ከተፈረመ ዓመት ሳይሞላው ደግሞ የአማራ ክልል ሌላ ግጭት ውስጥ ገባ።

ይህ ሁሉ የሚጠቀሰው የአካባቢውን ሕዝብ በጅምላ ሕመምተኛ ለማለት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ያሠራውና እ.ኤ.አ. በ2019 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣው ግምት እንደሚያሳየው፣ ጦርነት በደረሰባቸው አገሮች በአንድ ወቅት ከመቶ ሰዎች 22 ያህሉ አንድ ዓይነት የአእምሮ ሕመም ይኖራቸዋል፤ ከእነዚህም 13ቱ ቀላል፣ 4ቱ መካከለኛ፣ 5ቱ ከባድ ሕመም ያለባቸው ናቸው። ቁጥሩ ከፍተኛ ነው፤ ሆኖም አብዛኛው ሰው አዝኖ፣ አልቅሶ፣ ተጨንቆም ቢሆን ያለ ሕክምና ወደ ኑሮው እንደሚመለስ ያመለክታል። ሐዘን ሕመም አይደለም፤ ለሐዘንተኛ ሁሉ የሕመም ስም ማውጣትም ሐዘንተኛውንም ሕመምተኛውንም የሚጎዳ ስሕተት ነው።

እንግዲህ የታመመውን ካዘነው ለመለየት ከሁሉ የሚሻለው መለኪያ ሰውየውን ከጎረቤቱ ጋር ሳይሆን ከቀድሞው ከራሱ ጋር ማነጻጸር ነው። ማሽላው እሸት ሲይዝ ማማ ላይ ወጥቶ ወፍ ሲጠብቅ የኖረ ገበሬ ወፉ አዝመራውን ሲለቅመው እያየ ከደጁ የማይነሣ ከሆነ፣ ለቡና ጎረቤት ስትጠራ የኖረች ሴት ቡናውን ትታ በሯን መዝጋት ካዘወተረች፣ ከገበያ የማይቀር ነጋዴ ቆቦ ገበያ ሲውል ሰው ላለማየት ሜዳ ለሜዳ የሚሄድ ከሆነ፣ በእነዚህ ሰዎች ላይ የታየው ለውጥ ከጎረቤቶቻቸው ሐዘን ጋር ቢመሳሰልም ሊጤን ይገባዋል። ለውጡ ከሁለት ሳምንት በላይ ሳያቋርጥ መቆየቱና ሰውየውን ከሥራው፣ ከንጽሕናው፣ ከምግቡና ከልጆቹ መለየቱ ሲታከልበት ጥርጣሬው ይጠነክራል። እንዲህ ያለውን ለውጥ ከሐኪም በፊት የሚያየው አብሮ የሚኖር ሰው ነው፤ ስለዚህ የዚህ ምዕራፍ ዋና አንባቢ ባለሙያው ሳይሆን ጎረቤቱ ነው።

ድባቴ የሚባለው ሕመም፣ ማለትም ለሳምንታት የሚዘልቅ የስሜት መጨለምና ከዚህ በፊት ደስ ይል ከነበረው ነገር ሁሉ ደስታ ማጣት፣ በገጠሩ አካባቢ «ከፋኝ» በሚል ቃል ብቻ ራሱን አይገልጥም። ሕመምተኛው ብዙ ጊዜ ልቡን እንደሚያፍነው፣ ራሱን እንደሚያቃጥለው፣ ሰውነቱን እንደሚወረው፣ ሐሳብ እንደበዛበት ይናገራል፤ ጤና ጣቢያ ሲሄድም የጨጓራ ወይም የራስ ምታት መድኃኒት ተሰጥቶት ይመለሳል፤ ምልክቱም ከወር በኋላ እንዳለ ይገኛል። ይህ ማለት ሕመሙ ውሸት ነው ማለት አይደለም፤ አእምሮ ሲታመም አካልም በእርግጥ ያማል። በወንዶች ላይ ድባቴ በዝምታ ፈንታ በቁጣ፣ በአረቄ ብዛት ወይም ቀኑን ሙሉ ጫት ይዞ በመዋል ሊሸፈን ይችላል፤ በአራስ ሴት ላይ ደግሞ ልጇን ለማቀፍ አለመፈለግ ሆኖ ሲታይ ብዙ ጊዜ እንደ ክፋት ይቆጠርባታል። ይህ ፍርድ እጅግ ጨካኝ ነው፤ እናቲቱ ራሷም ስለምታምነው ሕመሟን ያባብሰዋል።

ሁለተኛው ከጦርነቱ ጋር በቀጥታ የተያያዘው ድኅረ አሰቃቂ ጭንቀት ነው። ይህ ሕመም የሚገለጸው ያለፈው ክስተት በቅዠት ወይም በቁም እየተመላለሰ በመምጣቱ፣ ሰውየው ክስተቱን የሚያስታውሰውን ቦታና ወሬ በመሸሹ፣ እንዲሁም አደጋ በሌለበትም አካሉ ተወጥሮ ነቅቶ በመጠበቁ ሲሆን፣ ምልክቶቹ ከአንድ ወር በላይ ሲቆዩ ነው የሕመም ስም የሚሰጣቸው። እዚህ ላይ ግን የራያ ቆላ ሁኔታ ከመማሪያ መጻሕፍቱ ይለያል፤ የሕመሙ ስም «ድኅረ» ሲል አደጋው አልፏል ብሎ ይጀምራል፤ ጦር ተመላልሶ በመጣበት ከተማ ግን የተኩስ ድምፅ ሲሰማ ልጆቹን ሰብስቦ መሬት የሚተኛ አባት በሕመም ሳይሆን በልምድ እየተመራ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት ሰውየው መፍራቱ ሳይሆን፣ ፍርሃቱ ጸጥታ ባለበት ሳምንት እንኳ ጋብ የማይል መሆኑ፣ የበር መንኳኳት ወይም የሞተር ብስክሌት ድምፅ ብቻ የሚያንቀጠቅጠው መሆኑ ነው።

የክስተቱ ቀን በዞረ ቁጥር ምልክቶቹ የሚበረቱ መሆናቸውም በቆቦ የተለየ ትርጉም አለው። የጳጉሜኑ ግድያ የተፈጸመው ዘመን መለወጫ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ የሶለል ጨዋታ የሚጫወቱት ልጃገረዶች ዘፈን ከሚሰማበት የነሐሴ ወር ማግሥት ነው፤ በመሆኑም ሌላው ለእንቁጣጣሽ በግ ሲገዛና ቄጠማ ሲያጭድ፣ የሟች ቤተሰብ በየዓመቱ በዓሉንና ሙት ዓመቱን በአንድ ሳምንት ይቀበላል። በነዚያ ቀናት ሰውየው ያለ ምክንያት የተቆጣ ወይም ከሰው የራቀ ቢመስል ቀኑን ቆጥሮ ማስታወስ፣ በበዓሉም ዋዜማ ወደዚያ ቤት ጎራ ማለት፣ ምንም ባለሙያ የማይተካው ድጋፍ ነው።

ከሁሉም ይልቅ በፍጥነት የሚታወቀው፣ ከሁሉም ይልቅ ግን ዘግይቶ ሕክምና የሚያገኘው ሳይኮሲስ የሚባለው የሕመም ዓይነት ነው፤ ይህም ሌላው የማይሰማውን ድምፅ መስማት፣ ማስረጃ የማይመልሰው የጥርጣሬ ወይም የታላቅነት እምነት መያዝና የንግግር መዘባረቅ ሲሆን፣ ረጅም ጊዜ የሚቆየው ዓይነቱ ስኪዞፍሬኒያ ይባላል። በቡታጅራ እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ በፕሮፌሰር አታላይ ዓለምና በባልደረቦቻቸው የተካሄደው፣ ከ68,000 በላይ ሰዎችን ቤት ለቤት ያዳረሰው ጥናት፣ ስኪዞፍሬኒያ ካለባቸው ሰዎች ከአሥሩ አንዱ ያህል እንኳ ዘመናዊ ሕክምና እንዳላገኘ አሳይቷል፤ በዚያው የተደረገው የአሥር ዓመት ክትትል ደግሞ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ከሌላው ሕዝብ ሦስት አሥርት ዓመታት ያህል ቀድመው እንደሚሞቱ አረጋገጠ። የሚሞቱትም በአብዛኛው ተራ በሆኑና ሊታከሙ በሚችሉ በሽታዎች ነው፤ «ያበደ ሰው» ሳል ወይም ትኩሳት ሲይዘው ሐኪም ቤት የሚወስደው አያገኝምና።

በቆላ አገር ግን አንድ ማስጠንቀቂያ መቅደም አለበት። ትናንት ደኅና የነበረ ሰው በሰዓታት ወይም በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ መዘባረቅና ሰው መለየት ማቃት ከጀመረ፣ በተለይም ትኩሳት ካለው፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የአእምሮ ሕመም ሳይሆን ወደ አንጎል የወጣ ወባ ወይም ማጅራት ገትር ነው፤ ይህ ደግሞ ጸበልም ሆነ ሽማግሌ ሳይጠብቅ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል የሚያስኬድ ድንገተኛ አደጋ ነው።

ከአካባቢው ወጣቶች ብዙዎቹ በአፋርና በጅቡቲ አድርገው፣ ባሕር ተሻግረው፣ በየመን በኩል ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ የሚሄዱ መሆናቸው የሌላ ዓይነት ሕመምተኛ ያመጣል። ከ2006 ዓ.ም. መጀመሪያ አንሥቶ በወራት ውስጥ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ሲባረሩ፣ በመንገድ ታግተው የተደበደቡ፣ በሰው ቤት ተቆልፎባቸው የሠሩ ብዙዎች አብረው ተመልሰዋል። ተመላሹ ወጣት በዕዳ የተላከ፣ ቤተሰቡ መሬት ወይም በሬ የሸጠለት ከሆነ፣ ባዶ እጁን መመለሱ ራሱ ኀፍረት ስለሚሆንበት የደረሰበትን አይናገርም፤ ቤተሰቡም ዝምታውን እንደ ኩራት ሊተረጉምበት ይችላል። ልጆች ደግሞ ሕመማቸውን የሚናገሩበት ቃል ስለሌላቸው በጠባይ ያሳዩታል፤ ሽንቱን መቆጣጠር የቻለ የስምንት ዓመት ልጅ እንደገና አልጋ ማርጠብ ሲጀምር ዱላ አያስፈልገውም።

የተጠረጠረውን ሰው መቅረብ

ድጋፍ የሚጀምረው ከምክር ሳይሆን ከመቀመጥ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጣው የመጀመሪያ ሥነ ልቡናዊ እርዳታ መመሪያ ማየትን፣ ማዳመጥንና ማገናኘትን ያስተምራል፤ በመጀመሪያ ሰውየው ምግብ፣ መጠለያና ደኅንነት እንዳለው ማየት፣ ቀጥሎ መናገር ከፈለገ ማዳመጥ፣ በመጨረሻም ከቤተሰቡና ከአገልግሎት ሰጪው ጋር ማገናኘት ማለት ነው። የሆነውን ሁሉ እንዲተርክ መገፋፋት ግን አይመከርም፤ አንድ ጊዜ ብቻ አስቀምጦ ሰቆቃን ማስተረክ እንደማይጠቅም ተደጋግሞ ታይቷልና። ይህ በተለይ ለተደፈረች ሴት ይሠራል፤ ለማን እንደምትናገርና መቼ እንደምትናገር የምትወስነው እሷ ብቻ ናት፤ ምሥጢሯ ከአንድ ጎረቤት አፍ ከወጣ በትንሽ ከተማ ሊመለስ አይችልም። ክስተቱ ከደረሰ በመጀመሪያው ወር እንቅልፍ እንዲያመጣ ተብሎ ከየመድኃኒት ቤቱ የሚገዛው ዲያዜፓምም አይመከርም፤ ልማድ ሆኖ ይቀራል፤ ማገገምንም ያዘገያል።

ራስን የማጥፋት ሐሳብ ከተጠረጠረ በግልጽ መጠየቅ ይገባል። ብዙ ሰው ጥያቄው ሐሳቡን ያመጣዋል ብሎ ይፈራል፤ ነገር ግን ጥያቄ ሐሳቡን እንደማያመጣ፣ እንዲያውም ብቻውን ይዞት ለከረመው ሰው እፎይታ እንደሚሰጥ ጥናቶች ያሳያሉ። «ከዚህ ሁሉ መሞት ይሻለኛል ብለህ ታውቃለህ? ልታደርገውስ አስበሃል?» ብሎ በጸጥታ መጠየቅና መልሱን ሳይቆጡና ሳይገሥጹ መስማት ያስፈልጋል። መልሱ አዎን ከሆነ ሰውየውን ብቻውን አለመተው፣ በራያ ብዙ ቤት የሚገኘውን ጠመንጃና በመስኖ እርሻው የሚረጨውን ፀረ ተባይ ኬሚካል ከቤት አውጥቶ ታማኝ ዘመድ ዘንድ ማስቀመጥ፣ በዚያው ቀንም ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ሕይወት ያተርፋል። እንዲህ ያለው ሐሳብ ብዙ ጊዜ ለጥቂት ሰዓታት በርትቶ የሚያልፍ ስለሆነ፣ በእነዚያ ሰዓታት መሣሪያው በእጅ አለመኖሩ ትልቅ ነገር ነው።

ራያ ሰውን የሚያቅፍ ሥርዓት የሌለው አገር አይደለም። ቅሬ የሚባለው እድር ለቀብር ይሰበሰባል፤ ደቦና ወንፈል የደከመውን ማሳ ያርሳሉ፤ ዘወልድ የሚባሉት ሽማግሌዎች በነፍስ የተፈላለጉትን ደም ያደርቃሉ፤ ዱበርቲ የሚባሉት እናቶች ይመርቃሉ፤ ወዳጃ የሚባለው የጋራ ጸሎት ይደረጋል። ከእነዚህ መካከል ለአእምሮ ሕመምተኛ በስም የቆመ የለም፤ ሆኖም ቅሬ ለሞተ ሰው የሚያደርገውን መዋጮ በሕይወት ላለው ሕመምተኛ የወልድያ ሆስፒታል መሳፈሪያ ቢያደርገው፣ ወንፈሉም ባል የታመመባትን ሴት ማሳ ቢያስቀድም፣ አዲስ ድርጅት ሳይመሠረት ብዙ ነገር ይሠራል። በዚምባብዌ ዋና ከተማ በሐራሬ የሥነ አእምሮ ሐኪሙ ዲክሰን ቺባንዳ ያስጀመሩት ሥራ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው፤ በጤና ጣቢያ ግቢ በእንጨት አግዳሚ ወንበር ላይ የተቀመጡ፣ ሥልጠና የተሰጣቸው የሰፈር አሮጊቶች «ሐሳብ የበዛባቸውን» ሰዎች በስድስት ጊዜ ውይይት አንድ አንድ ችግር እየመረጡ እንዲፈቱ ሲረዱ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው ጥናት የድባቴና የጭንቀት ምልክቶቻቸው በግልጽ እንደቀነሱ አሳየ። ቃሏ የሚሰማላት እናት በራያም በየመንደሩ አለች፤ የጎደለው ሥልጠናውና ከጤና ጣቢያው ጋር የሚያያይዛት ሰው ነው።

ጸበልና ሕክምናን እንደ ጠላት ማስተያየት ቤተሰብን ከሁለቱ አንዱን እንዲመርጥ ያስገድዳል፤ ምርጫውም ብዙ ጊዜ ሐኪሙን አይጠቅምም። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ መድኃኒት ከጸበል ጋር አብሮ ሊወሰድ እንደሚችል በይፋ መናገራቸው፣ መድኃኒታቸውን ትተው የነበሩትን ምእመናን አስተሳሰብ ለመለወጥ የረዳ ትምህርት ነበር፤ ያው መንገድ ለአእምሮ ሕመም የማይሠራበት ምክንያት የለም። ካህኑም ሆነ ሼኹ «ጸሎቱንም ዱዓውንም አድርግ፣ መድኃኒቱንም አትተው» ቢሉ ቃላቸው ከሐኪም ምክር የበለጠ ይደመጣል። ሕመምተኛውን መግረፍ፣ ማስራብና ጪስ ማጠን ግን በየትኛውም እምነት ስም ሊፈቀድ አይገባም።

ስለ ሰንሰለትም እንዲሁ ሳይድበሰበስ መነገር አለበት። በያኔው የጉራጌ ዞን በሶዶ ወረዳ የተደረገ ጥናት እንዳመለከተው ቤተሰብ የሚያስረው በጭካኔ ሳይሆን በአብዛኛው ሕመምተኛው እንዳይጠፋ፣ ሰው እንዳይጎዳ ወይም እንዳይጎዱት ፈርቶ፣ ማሳከሚያም አጥቶ ነው፤ ስለዚህ ቤተሰቡን ማውገዝ ብቻውን ሰንሰለቱን አይፈታም። በዚያው ወረዳ የሠለጠኑ የአካባቢው ሰዎች ሕመምተኞችን ለአንድ ዓመት ቤታቸው እየሄዱ፣ ቤተሰባቸውን እያስተማሩና ወደ ሥራና ወደ ማኅበራዊ ኑሮ እያስገቡ ሲደግፉ፣ ከጤና ጣቢያ ሕክምና ጋር ተዳምሮ የዕለት ተዕለት ኑሯቸው እንደተሻሻለ እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ ጥናት አረጋግጧል። እዚያው አካባቢ የተደረገ ሌላ ጥናት ደግሞ በሠለጠኑ የጤና ጣቢያ ነርሶችና የጤና መኮንኖች የታከሙት ሰዎች በሥነ አእምሮ ነርሶች ከታከሙት ያነሰ ውጤት እንዳላገኙ አሳየ። የራያ ገበሬ የዕድሜ ልክ ክትትሉን ለማድረግ አዲስ አበባ፣ አማኑኤል ሆስፒታል ድረስ መመላለስ የለበትም ማለት ነው፤ መንገዱ ከጤና ኬላዋ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ተነሥቶ በጤና ጣቢያውና በቆቦ ሆስፒታል በኩል፣ ሲከብድም 50 ኪሎ ሜትር ያህል ወደምትርቀው ወልድያና ወደ ደሴ ይዘልቃል።

መድኃኒት ከተጀመረ በኋላ ሁለት ነገሮች ሥራውን ያሰናክላሉ። አንደኛው ረኀብ ነው፤ ለሳይኮሲስ ከሚሰጡት መድኃኒቶች ብዙዎቹ የምግብ ፍላጎት ይጨምራሉ፤ በቡታጅራ ሕመምተኞች መድኃኒታቸውን ለምን እንደሚያቋርጡ በተጠየቁ ጊዜ ከተሰጡት ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ የሚበላ ነገር ማጣት ነበር። ማሽላው በድርቅ ወይም በአንበጣ በጠፋበት ዓመት እንክብሉን የተወ ሰው እንቢተኛ ተብሎ ሊወቀስ አይገባውም፤ የእርዳታ እህል ሲታደል የአእምሮ ሕመምተኛ ያለበት ቤት ከቅድሚያ ተጠቃሚዎች እንዲመዘገብ ማድረግ ራሱ ሕክምና ነው። የእጅ መንቀጥቀጥ፣ የአንገት መገተር ወይም የለሃጭ መብዛት ሲመጣም መድኃኒቱን ከመጣል ይልቅ ለሐኪሙ መንገር ይሻላል፤ መጠኑ ሊስተካከል ወይም በሌላ ሊተካ ይችላል።

ሁለተኛው የመንገድ መዘጋት ነው። መድኃኒቱ በድንገት ሲቋረጥ ሕመሙ ያገረሻል፤ በዚያው በአእምሮ ሕክምና ክፍል የሚታከመው የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ደግሞ መድኃኒቱን በአንድ ጊዜ ቢያቆም የማያባራና ለሞት የሚያደርስ መንቀጥቀጥ ሊይዘው ይችላል። ስለዚህ ጸጥታ ባለ ጊዜ የሁለት ወይም የሦስት ወር መድኃኒት እንዲሰጥ መጠየቅ፣ በአጠገብ ያሉ ሕመምተኞች ቤተሰቦች ተነጋግረው ወደ ወልድያ የሚሄደው አንዱ የሌሎቹንም ካርድ ይዞ እንዲያመጣ መስማማት፣ የመድኃኒቱ ስም፣ መጠንና የሚወሰድበት ሰዓት በወረቀት ተጽፎ ከመታወቂያው ጋር በአንድ ላይ እንዲቀመጥ ማድረግ ያስፈልጋል፤ ቤተሰቡ ሌሊት ተነሥቶ ወደ ዞብልም ሆነ ወደ ወልድያ ቢሰደድ፣ ያ ወረቀት በደረሱበት ያለ ማንኛውም ጤና ጣቢያ ሕክምናውን ካቆመበት እንዲቀጥል ያስችለዋል።